ማለፊያው ማለፊያ ነው ወይ

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ። ከምሽቱ 2፡30 ሰ.

ከቢቸና እስከ ሞጣ እንደ እኔ ፈረስ የሚጋልብ አልተወለደም። በስልክ ማለቴ ነው። በስልክም ቢሆን አንሙት አለ። አንሙትን ካልቆጠርነው አልተወለደም። ከቆጠርነው ሁለተኛ ነኝ።

ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው። ባለቤቴ ትሁን ጎረቤት ወጣ ብላለች። እስክትመለስ ልጻፍ። መ/ር ስሜነህ የማታውን ት/ት በፈተና ዘግተው ሲያሰናብቱን፣ ውጤት እስኪወጣ እጃችሁ እንዳይዝግ በየማታው ጻፉ ብለዋል። ለማን ብዬ ብጠይቅ ለደብተሩ አሉኝ። እሺ ደብተር፣ ይበልጣል እባላለሁ። የከብት ደላላ። ስሜን ያወጣው አባቴ ነው፤ አይቶኝ ነው ያወጣው።

«መ/ር» ብሎ መጻፍ ደስ ይላል። አንዲት ጭረት ሁለት ፊደል ትውጣለች። ይህን የፈጠረው ሰው ደላላ መሆን አለበት።

ስለ ፈረሱ። ጨዋታው ጥንድ ጥንድ ነው። የእኔ ፈረስ ቦራ፣ የአንሙት ዳማ። በየማታው በአቧራው መንገድ ከወንዙ እስከ ትልቁ ዛፍ ጎን ለጎን እንጋልባለን፤ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ይመጣል። አንሙት አብሮ አደጌ ነው። ሞጣ ወፍጮ ቤት ሥራ ይዞ ከሄደ ወዲህ ስደውልለት ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚያወጣው፦ ሰላም፣ ደህና፣ በል ቻው። ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን አፉ ይፈታል። እናቱ እንደናፈቀችው የነገረኝ ፈረስ ላይ ነው። ዳታ ተቋርጦ በከረመ ጊዜ ሰውዬው ዲዳ የሆነ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ከዛፉ ልንደርስ ስንል፣ እዚያ ሞጣ አንዲት ሴት እንዳለች ነገረኝ። ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። እሷስ ምን አለች አልኩት። ያንን ሌላ ማታ እነግርሃለሁ ብሎ ወረደ። በዚህ ዕድሜው ያፍራል። እኔ ደግሞ ይኸው ፈረሱን ትቼ ጣሪያ አያለሁ። ምን ብላው ይሆን?

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ። ማታ።

አንሙት የለም። ወፍጮው ማታም ይሠራል ብሏል፤ የገና ሰሞን ነው።

ጨዋታው ዛሬ ራሱን አድሶ አማርኛ ሆኖ ተከፈተ። ደብተር፣ ደነገጥኩ። እስከዛሬ ሥዕል እያየሁ የምነካው ሁሉ ስም አለው ለካ። አነበብኩት፤ አንድም ሰው ሳይረዳኝ። ኮርቻውን «ወንበር» ብለውታል። ልጓሙን «የአፍ ገመድ»። የተረጎመው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለመ/ር ስሜነህ እነግራቸዋለሁ፣ የሚቀጥለው ዙር ላይ ይመዝገብ።

ከዚያ ትልልቅ ፊደል መጣ። «የክረምት ማለፊያ»። ጣቴን ከፊደል ፊደል አስኬድኩት። ማለፊያ ክረምት ይሁንልህ ማለታቸው ነው። በታኅሣሥ ስለ ክረምት ምን አሳሰባቸው? ቢሆንም ምኞት ነው፤ ሰው ሲመኝልህ ፊት አይዞርም። አሜን ብዬ «እሺ» የሚለውን ነካሁ።

ሂሳብ ጠየቀኝ።

በዕድሜዬ ብዙ ሰው መርቆኛል። ሂሳቡን ያመጣልኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ። ከምሽቱ 3 ሰ.

ጠዋት መ/ር ስሜነህን ዋናው መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ሊስትሮው ጫማቸውን ይጠርጋል። ነገሩን ነገርኳቸው። ሳቁ። እሳቸው አስኳላ ሳይገቡ በፊት ቅኔ ቤት ያደጉ ናቸው፤ ቃል ሲያገኙ እኔ ኮርማ ሳገኝ እንደምዞረው ይዞሩታል። ማለፊያ፣ አሉ፣ አንዱ ጥሩ ማለት ነው፤ ማለፊያ ሰው፣ ማለፊያ ጠላ። አንዱ የምታልፍበት ፈቃድ ነው፤ ኬላ ላይ እንደሚያሳዩት ያለ። አንዱ ለፈተና ነው። አራተኛውን ለዛሬ እንተወው ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዞር አሉ። ከዚያ ጫማቸውን እያዩ፦

«የሚሸጡልህ የትኛውን እንደሆነ ለይ።»

ስለ እኔም አንድ ነገር አሉ። ውጤቱ ለሌላው ገና ነው። ለእኔ ግን ጠጋ ብለው በጆሮዬ ማለፊያ አግኝተሃል አሉኝ። ሊስትሮው ቀና ብሎ አየኝ፤ ሰምቷል።

ማታ ወንዙ ዳር ቦራዬ ላይ ሆኜ ጠበቅኩ። ዳማው መጣ። አንሙት ሰላም ሳይለኝ፣ ስለ ሴትየዋ ሳልጠይቀው፣ ማለፊያ አገኘሁ አልኩት። ያዝ እንግዲህ አልኩት፣ ማለፊያ ያለው ሰው ነው አጠገብህ የሚጋልበው። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ኔትወርኩ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም።

ትሁን እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ። ወረቀቱስ ስትለኝ፣ ወረቀት በኋላ ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ።

ትናንትም አልመጣ። ዛሬም። ወንዙ ዳር ብቻዬን። ቦራው ውኃ ይጠጣል፤ ይህ ፈረስ ስንት ይጠጣል፣ የታመመ ፈረስ ነው የሚመስለው። ጉልበቱም ትክክል አይደለም። እውነቱን ተናግሬ ልሽጠው ብል የሚገዛኝ የለም።

ልወጣ ስል ጽሑፍ መጣ። «አንሙት ወደ በረዶው መንገድ ጋብዞዎታል። ለመግባት ማለፊያ ያስፈልጋል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ባልተማርኩ ኖሮ ያልኩት ዛሬ ነው። «ጋብዞዎታል» ብሎ ያከብረኛል፤ በሩን ግን ከፊቴ ይዘጋል። አንሙት ማለፊያውን ገዝቷል። ገዝቶ ገብቷል። ከዚያ ሆኖ ና ይለኛል።

መደወል እችላለሁ። አልደውልም። ሰላም፣ ደህና፣ በል ቻው ለመባል? እኔ የሰው ደጅ አልጠናም። ሰው ነው የእኔን ደጅ የሚጠናው፤ ቅዳሜ ገበያ መጥተህ እይ።

ታዲያ ግዛዋ ትለኛለህ። ዋጋው ከዶሮ አይበልጥም፤ የገና ሰሞን ዶሮ ግን እሱም ቀላል አይደለም። ነገሩ ዋጋው አይደለም። ስልኩን ያመጣሁ ዕለት ትሁን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታየኝ፣ ለዚህ ፈረስ ገለባ አልገዛለትም፣ ትሁን ትሙት ብዬ ምያለሁ። የማልኩት በራሷ ነው። ማሃላውን ሰምታ ደስ ያላት አልመሰለኝም፤ ግን ይዛዋለች።

ሴትየዋ ምን ብላው ይሆን?

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ። ገበያ ውዬ።

እግሬ አልቋል። ድምፄ አልቋል። አፌ ብቻ ቀርቷል።

ዛሬ የሆነውን ስማ። አንድ ሰው ከገጠር መጥቶ በሬ ያያል። ጥርሱን አየ፣ ሻኛውን አየ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ጭራውን ሳበ። ሻጩ አይወርድም፤ ሰውዬው አይወጣም። ሁለቱም ሊሄዱ ነው። ይህች የእኔ ሰዓት ናት። መሐል ገብቼ ገመዱን ከበሬው አንገት ላይ እያየሁ፣ በል ገመዱንም መርቄልሃለሁ አልኩት። ሰውዬው ቆመ። ገመዱን ዳሰሰው። ገመዱ አዲስ ነው አለ። አዲስ ነው አልኩት። ገዛ።

የእኔ ሥራ ይህች ናት። የበሬው ዋጋ በዝቶበት የነበረ ሰው፣ ለምራቂው ገመድ ሲል በሬውን ይገዛል። ሲሄድ የሚያየው ገመዱን ነው። ስንት በሬ በገመድ ሸጫለሁ።

ማታ ስልኩን ስከፍት ያው ማለፊያ ብቅ አለ። ከሥሩ ምን ይላል? «ዛሬ ከገዙ ወርቃማ የአፍ ገመድ በነፃ።»

ብቻዬን ሳቅኩ። ትሁን ምን ሆንክ አለችኝ። ገመዱን መረቁልኝ አልኳት። ከየት አገር እንደሆኑ አላውቅም፤ ግን ቅዳሜ ገበያ ውለው የሚያውቁ ናቸው።

ሳቄ ሲያልቅ ወንዙ ዳር ሄድኩ። ማንም የለም። ግብዣው ደግሞ መጣ። በረዶው መንገድ። ማለፊያ ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ። ከምሽቱ 1፡30 ሰ.

ጥርሱን ሳላይ አልገዛም ብዬ፣ ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህላል። ትሁን ሽሮዋን ትታ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ታያለች። እሷ በቀን ነው የተማረችው፤ ትፈጥናለች። ግን አትቅደሚኝ አልኳት፤ አልቀደመችኝም። ዝም ብላ ስሳሳት ታቃስታለች።

የደረስኩበት ይኸው።

ማለፊያውን ስትገዛ በሥዕል የሚያሳዩህን የበግ ፀጉር ካባ አይሰጡህም። ካባውን ለማግኘት የምትሠራበትን ፈቃድ ነው የሚሰጡህ። በየቀኑ «ተግባር» አለ፤ ይህን ያህል ጋልብ፣ ይህን ያህል በረዶ ልቀም። ከሠራህ አንድ ደረጃ ይከፈታል። ካልሠራህ አይከፈትም፤ የከፈልከው ግን ከፍለሃል። ይህ ማለት በሬውን ከሸጥኩልህ በኋላ፣ እጅህ የሚገባው በየቀኑ መጥተህ የእኔን ማሳ ስታርስ ነው እንደ ማለት ነው። ይህን እኔ እንኳ አስቤው አላውቅም።

ደግሞ፦ ወቅቱ ሲያልቅ ያልተለቀመው ይጠፋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቤ ተመለሰ። ክረምቱ የሚያልቀው መስከረም ነው፤ እስከ መስከረም ከሆነ ጊዜው ሰፊ ነው፣ ሊያዋጣም ይችላል። ትሁን ከኋላዬ፣ በየትኛው ክረምት ነው በረዶ አገር የሚያለብሰው አለችኝ። እውነትም። የእኛ ክረምት ጭቃ ነው። የቢቸና ክረምት ቢሆን ኖሮ «የጭቃው መንገድ» ነበር የሚሉት፣ ፈረሱም ከጉልበቱ አይወጣም ነበር። ይህ የፈረንጅ ክረምት ነው፤ አሁን ነው ያለው፤ የካቲት ሳያልቅ ያልቃል። ጽሑፉ አማርኛ ሆነ እንጂ ክረምቱ አልተተረጎመም።

ያለ ቀልድ ከጻፍኩ፦ አያዋጣም። የቀኑን ሲሶ የሚጋልብ ወጣት ቢሆን ያዋጣዋል፤ ይልቀም። እኔ በቀን የምጋልበው ራት እስኪቀርብ ነው።

ደብተሬን ልዘጋ ስል ትሁን፦

«ቆይ፣ አንተ የምትጋልበው ለፈረሱ ነው ለአንሙት?»

ሽሮሽ እንዳያርር አልኳት። እኔ በሽሮ ያመለጥኩበት ቀን ይመዝገብ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ።

ቀኑን ሙሉ ያው ጥያቄ። ለፈረሱ ከሆነ አያዋጣም፣ አለቀ። ለአንሙት ከሆነ ደግሞ ማን ነው ሚዛኑን የያዘው? ሰውዬው ሞጣ ላይ ብቻውን ነው። ወፍጮ ቤት ማንም ማንንም አይሰማም፤ ጩኸት ነው። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ነበረው የሚያወራበት። እኔም ነበረኝ። ቀን የማወራው ለገበያ ነው፤ ለእሱ ስናገር ምንም አልሸጥም።

ማታ ለትሁን ነገርኳት። ማሃላዬን ፍቺኝ፣ ለአንሙት ስል ልግዛው አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ ቀልድም አዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን ልብስ እያጠፈች፣ «የማልከው አንተ፤ እኔ አላስማልኩህም። ግዛው» አለችኝ።

ብትቆጣ ይሻል ነበር። አሁን ሰበብ የለኝም።

ገጹን ከፈትኩ። ጣቴ «ይግዙ» የሚለው ላይ። ቆይ። ማለፊያ ያለው ሰው ማለፊያ ከሌለው ሰው ጋር ድሮ ይጋልብ የነበረው መንገድ አይበቃውም ማለት ነው? ብገባስ፣ እሱ ካባውን ለብሶ ቀድሞ፣ እኔ ከኋላ በረዶ እየለቀምኩ? ሰው ሳላይ ለሰው ብዬ እገዛለሁ? በሬ ሳላይ ገዝቼ አላውቅም።

ዘጋሁት። ሐሙስ ሞጣ እሄዳለሁ። የፈረሱን ጥርስ ለማየት አይደለም፤ የጋላቢውን።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ። ሞጣ። አንሙት ቤት፣ ከራት በኋላ።

ጠዋት መንገዱ ሰላም ነው፣ መኪና አለ ተባለ፤ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን ጎማ ቀየርን። ረዳቱ አያ እባክህ ያዝልኝ ብሎ ክሪኩን አስይዞኝ ነበር፤ እኔ ባልኖር ሞጣ የሚደርስ አልነበረም። እሺ፣ ሌላ ሰውም ይዟል።

ወፍጮ ቤቱን በጩኸቱ አገኘሁት። አንሙት በር ላይ ቆሟል። ፀጉሩ ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ። በአንድ እጁ ጆንያ፣ በአንድ እጁ ስልክ። አውራ ጣቱ ይሮጣል። የስልኩ መስታወት ላይ ዱቄት ተነጥፏል፤ በረዶ የሚሉት ይሄ ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ። አየኝ። አልሳቀም። መጣህ አለኝ፤ ልክ ከጎረቤት እንደመጣሁ። ጆንያውን አወረደ። ስልኩን አላወረደም። የዛሬውን ተግባር ልጨርስ፣ ካመለጠኝ ይጠፋል አለ።

ቁጭ አልኩ። ደብተር፣ አንሙትን ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ደክሞት አላየሁትም። የሚጫወት ሰው አይመስልም። ጥበቃ ላይ ያለ ሰው ነው የሚመስለው።

ሲጨርስ ወጣን፤ ከጩኸቱ ራቅ ብለን ግንድ ላይ ተቀመጥን።  ከዚያ እሱ፣ ወደ መሬት እያየ፦

«ስጋብዝህ ለምን አልመጣህም?»

«በየት ልግባ? ማለፊያ የለኝም።»

«አገኘሁ አላልክም?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ ሲገባኝ ጆሮዬ ጋለ። ያቺ ማክሰኞ ማታ። ማለፊያ አገኘሁ ብዬ ኔትወርኩ የሄደ ጊዜ። እኔ የማታውን ት/ት ማለቴ ነበር፤ እሱ የሰማው የፈረሱን ነው። ይበልጣል ወደ በረዶው መንገድ ሊገባ ነው፣ ሊጥለኝ ነው ብሎ ወዲያው ገዛ። ገዝቶ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በየማታው ይጋብዘኛል፤ አልመጣም። ታላላቅ ጋላቢዎች አግኝቶ ናቀኝ አለ። ለመደወል አፈረ።

እሱ በበረዶ ውስጥ፣ እኔ በአቧራ ውስጥ። ሁለታችንም ስንጠብቅ።

ስነግረው ሳቀ። ዱቄቱ ከቅንድቡ እስኪረግፍ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የእኔ ሳቅ ትንሽ ዘግየት ብሎ መጣ፣ ምክንያቱን አሁን አልጽፍም። ከላዬ አንድ ኩንታል ወረደ።

እና የአቧራው መንገድስ ለአንተ ተዘጋ ወይ አልኩት። አልተዘጋም። ማለፊያ ያለው ሰው በሁለቱም መግባት ይችላል። እዚያው ከፍቶ አሳየኝ፤ ወንዙም ዛፉም አሉ። የበረዶውንም አስጋለበኝ። አልዋሽም፣ ያምራል። ተራራው ያበራል። ግን በረዶ ሲረግፍ በጊዜ ካልለቀምከው ስለሚቀልጥ፣ አፍ ለመክፈት ጊዜ የለም። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ወፍጮ ቤቱ ነው በለው።

ታዲያ ማለፊያው ማለፊያ ነው ወይ አልኩት። አሰበ። አንሙት ሲጠየቅ ያስባል።

«ለሚጋልብ ሰው ማለፊያ ነው» አለኝ። «እኛ እኮ የምናወራ ነን።»

ከዚያ አንድ ነገር አደረገ። ሱቅ ገብቶ እስክሪብቶ ገዝቶ መጣ፤ ክዳኑ ነጭ ብረት። ለማለፊያህ አለኝ። የወፍጮ ቤቱን ሰዎች ጠርቶ፣ ይህ ወንድሜ ይበልጣል ነው፣ ፈተናውን በማለፊያ ጨርሷል አላቸው። ሁሉም በዱቄት እጃቸው ጨበጡኝ። እኔ የእስክሪብቶውን ክዳን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ቆምኩ። 

ሴትየዋስ አልኩት ራት ላይ። ሽሮውን እያየ፣ ፈረስ ላይ እነግርሃለሁ አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ እኮ ነው።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ። ቢቸና። ከምሽቱ 3 ሰ.

ደርሻለሁ። ትሁን አየችኝና ብዙ አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን ስታነብ ከእኔ ንባብ ትፈጥናለች። ገዛህ ወይ አለችኝ ብቻ። አልገዛሁም። ማሃላዬ ቆሟል፤ አንቺም አለሽ አልኳት። ለሁለታችንም እንኳን ደስ ያለን አለችኝ።

ማታ ወንዙ ዳር። ዳማው ቀድሞኝ ቆሟል። አንሙት የበረዶውን ካባ ደርቦ ነው የመጣው፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ነጭ የበግ ፀጉር። ከየት ነው የመጡት ጌታዬ፣ አገሩ ይሞቅብዎታል አልኩት። ለቅሜ ነው ያገኘሁት፣ አልጥለውም አለኝ። ተግባሩን ግን ትቶታል። ካለው በላይ አይለቅምም።

ቀስ ብለን ጋለብን። ዛፉ ሩቅ እንዲሆን ልጓም ያዝኩ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ተናገረ። ሴትየዋ ሽማግሌ ላክ ብላዋለች። አንድ ነገር ግን ጨምራለች፤ አንተ ስለማትናገር የሚናገር ሰው ይኑርበት አለችው። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ አንተ ትመጣለህ አለኝ። ሽማግሌ ሆነህ።

በሬ ሸጫለሁ፣ በግ ሸጫለሁ፣ አህያ ሸጫለሁ። ሰው ሸጬ አላውቅም አልኩት። ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ ገመድ እንዳትመርቅላት አለኝ።

ዛፉ ጋ ደረስን። ተመልሰን ወንዙ ጋ መጣን። ደግሞ ሄድን።

ማለፊያውን አልገዛም። ይኸው ተጻፈ።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ። ከምሽቱ 2 ሰ.

ውጤት ወጣ። መ/ር ስሜነህ ክፍሉ ውስጥ አንድ በአንድ እየጠሩ ነገሩን። ስሜ ሲደርስ ብድግ አልኩ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። አልፈሃል አሉ። ለጥቂት። ለጥቂት ያለፈና በብዙ ያለፈ ከበሩ ማዶ ሲገናኙ ማን ይለያቸዋል? ወረቀት ሰጡኝ። ላዩ ላይ «ማለፊያ» ይላል፤ በእጃቸው ጽፈውታል። ትሁን ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ በመጨረሻ ወረቀቱ መጣ አለች። አነጋገሯ አላማረኝም። ታውቃለች መሰለኝ።

አንሙት እየጠራኝ ነው፤ ዳማው ወንዙ ዳር ቆሟል። እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር፤ ደብተር፣ አንተ ላይ ስለጻፍኩት ለአንተ ልንገርህ። አሁን እውነት ስለሆነ መናገር አይከብድም።

ታኅሣሥ 7 ላይ ያለው። መ/ር ስሜነህ ስለ ቃሉ ያሉኝ ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ ጫማቸው አለቀ፣ ከፈሉ፣ ሄዱ። ጠጋ አላሉም። በጆሮዬ ምንም አላሉኝም። ሊስትሮው ቀና አላለም፤ ብሩሹን ነበር የሚያራግፈው። የቀረው ሁሉ፣ በሬውም ገመዱም ዱቄቱም፣ እንደጻፍኩት ነው። ያቺን ማለፊያ ግን ማንም አልሰጠኝም። ለአንሙት ያልኩት፣ አንሙት ሰምቶ የገዛው፣ ይህችን እስክሪብቶ ያስገኘችልኝ፣ እሷን እኔ ነኝ የፈጠርኳት።